ስድስት ክረምት ከተራራው ሥር

የመጀመሪያውን ፍንዳታ የሰማሁት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመስኮቱ መስታወት ተንዘረዘረ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ተከተለ። አንደርማት በምትባል የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አነስተኛ ማረፊያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተቆልሏል። ሰው ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት ባለሙያዎች በፈንጂ እየመቱ ያወርዱታል። ሰው በሌለበት ሰዓት ተንዶ ይለቅ ነው ነገሩ።

ከክፍሌ ስወጣ ኮሪደሩን ሲወለውሉ ያገኘኋቸው ሴት ቀና ብለው አዩኝ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስላል። ሐበሻ ሐበሻን ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

«አይዞህ ልጄ፣ ጦርነት አይደለም» አሉኝ በአማርኛ። «እኔ በመጀመሪያው ክረምት ይሄ ነገር ሲጮህ መግቢያ ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ሰዓት የማውቀው በእሱ ነው።»

የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ስድስት ክረምት እዚያ መንደር ሠርተዋል። አንሶላ ይቀይራሉ፣ ኮሪደር ይወለውላሉ፣ እንግዳ ሲበዛ ወጥ ቤት ገብተው ዕቃ ያጥባሉ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወዴት ላይ?»

«ተራራው ላይ።»

መወልወያቸውን ይዘው ቆም አሉ። «እኔ እዚያ ምን ልሠራ? እሱ የእነሱ ነው እኮ።»

የዛሬው ጽሑፌ ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የምሰጠው መልስ ነው። እዚያው ኮሪደር ላይ ልመልስላቸው ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልመጣልኝም።

የካቲት አጋማሽ ላይ ከዙሪክ ተነስቼ፣ ስኖውቦርዴን በትከሻዬ፣ አንድ ቦርሳ በጀርባዬ አድርጌ፣ በባቡር ብቻ የአልፕስን ተራሮች አቋርጬ ጣልያን ውስጥ እስካለችው ቲራኖ ድረስ ሄድኩ። ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ብቻዬን የሄድኩት ብቸኝነትን ወድጄ አይደለም። ሦስት ጓደኞቼን ጠይቄ ነበር። አንዱ «ሰው ብርድ ይሸሻል እንጂ ብርድ ፍለጋ ይሄዳል?» አለኝ። ሌላው «የሀብታም ጨዋታ ነው» ብሎ ዘጋው። ሦስተኛው እሺ ብሎ በዋዜማው ቀረ። የሦስቱም መልስ ሲጨመቅ ያው የእትዬ ቃል ነው፦ የእነሱ ነው።

እኔ ግን ተዳፋት ላይ መንሸራተት የጀመርኩት አውሮፓ መጥቼ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ያደግን ልጆች ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ቀይ ጭቃ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጠን ሸርተቴ እንጫወት ነበር። ልብስ ይበላሻል፣ ክርን ይላጣል፣ እናት ትቆጣለች፤ በማግስቱ ያው ነው። ስኖውቦርድ ላይ ሁለት እግርህ አንድ ሳንቃ ላይ ይታሰርና በጎንህ ዞረህ ትቆማለህ። ክብደትህን ወደ ተረከዝህ ስትጥል የሳንቃው የኋላ ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፣ ወደ ጣቶችህ ስትጥል ደግሞ የፊቱ። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው የምትሻገርባት ቅጽበት ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ሆድን ባር ባር የሚያሰኘው ስሜት ግን ያው የሽሮ ሜዳው ነው።

ይህ ሳንቃ ራሱም እንግዳ ሆኖ ነው ወደ ተራራው የገባው። ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ በ1965 የገና ዕለት ሚሺጋን ውስጥ ለልጆቹ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪ አጋጥሞ አሰረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጄክ በርተን በ1977 ቬርሞንት ውስጥ ፋብሪካውን ሲያቋቁም አብዛኞቹ የስኪ ተራሮች ስኖውቦርድ የያዘን ሰው ሊፍታቸው ላይ አያወጡም ነበር። የክረምት ኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። ዛሬ የተራራው ባለቤት መስሎ የሚታየው ሁሉ ትናንት በር ላይ የተመለሰ ነበር።

ስለ በረዶ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ቋንቋችን እንኳ አያውቀውም የሚሉ አሉ። ከሰማይ እየተንደቀደቀ ጣሪያ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ በዝምታ የሚወርደውንም በአንድ ቃል በረዶ እያልን ስለምንጠራ ነው። ግዕዝ ግን ለዝምተኛው ሐመዳ የሚል ስም አለው፤ አማርኛም አመዳይ ይለዋል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ መንገደኛ አዱሊስ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለባቸው ይገልጻል። ስለዚህ ከበረዶ ጋር የተዋወቅነው በአውሮፕላን መጥተን አይደለም።

አሁን ወደ ባቡሩ።

ከዙሪክ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አዲሱ የጎትሃርድ ዋሻ በ2016 ተከፈተ፤ 57 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም የባቡር ዋሻ የለም። በእሱ የሄደ ሰው ተራራውን ሳያይ ተራራውን አልፎ ይገኛል። አሮጌው መስመር ግን በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ቫሰን የምትባል መንደር ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች። ባቡሩ በተራራው ሆድ ውስጥ እየዞረ ስለሚወጣ ያችኑ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ታያታለህ፦ መጀመሪያ ከራስህ በላይ፣ ቀጥሎ ከጎንህ፣ በመጨረሻ ከእግርህ በታች። ከፍታን እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። ሦስተኛዋን ሳይ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት በጣታቸው እያሳዩኝ ፈገግ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያዩዋት ይመስላሉ፤ ግን አሁንም ያሳያሉ።

መስመሩ ሽቅብ የሚያበቃው ጌሼነን ላይ ነው። አሮጌው ዋሻ አፉን የሚከፍተው እዚያ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር። ከ1872 እስከ 1882 በተቆፈረባቸው ዓመታት በይፋ የተመዘገበው የሞተ ሠራተኛ ቁጥር 199 ነው። አብዛኞቹ ከጣልያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በድንጋይ መናድ፣ በፈንጂ፣ በባቡር ጋሪ ተጨፍልቀው ሞቱ። በዋሻው ሙቀትና ቆሻሻ በሽታ የተለቀመውን ደግሞ ማን ቆጠረው? በ1875 ሠራተኞቹ ሥራ ባቆሙ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች ተኩሰው አራቱን ገደሉ። ከዋሻው በወዲያኛው በኩል፣ አይሮሎ ጣቢያ አጠገብ፣ ቪንቸንዞ ቬላ የተባለው ቀራፂ ለሥራ ሰለባዎች የሠራው ሐውልት ቆሟል። እኔ ጌሼነን ላይ ባቡር እስክቀይር የነበረኝን ጊዜ ያንን ጥቁር አፍ እያየሁ አሳለፍኩት። የእነሱ ነው የምንለውን ተራራ የከፈተው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። ዛሬም በየሆቴሉ አንሶላ የሚያነጥፈው፣ በየወጥ ቤቱ ሰሃን የሚያጥበው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። ይህ የገባኝ ግን ከእትዬ ጋር ከተዋወቅን በኋላ በመልስ መንገዴ እዚያው ስቆም ነው፤ ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ መልስ አይጠፋኝም ነበር።

ከጌሼነን ወደ አንደርማት የምትወጣው ትንሿ ቀይ ባቡር በጥርስ ሐዲድ እየተያያዘች የሾለነንን ገደል ትወጣለች። 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እመሃል ላይ የሰይጣን ድልድይ የሚባለው አለ። ተረቱ እንዲህ ነው፦ የአካባቢው ሰዎች በዚያ ገደል ላይ ድልድይ መሥራት ቢያቅታቸው ሰይጣን እኔ ልሥራላችሁ፣ መጀመሪያ የሚሻገረው ነፍስ ግን የእኔ ይሁን አላቸው። ድልድዩ ሲያልቅ ፍየል አሻገሩለት።

ይህች አጭር መስመር የተከፈተችው በ1917 ነው። የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባውም በዚያው በ1917 ነው። ሁለቱም የተዘረጉት በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ነው። የጂቡቲውን መስመር ለመሥራት በ1894 ከአፄ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበለው ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ፣ ከፍራውንፌልድ የሄደ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። ኢልግ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላየም፤ በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። አያቴ «ባቡር» ሲሉ በልባቸው የነበረው ሐዲድና እኔ በረዶ እያየሁ የምወጣበት ሐዲድ እኩል ስፋት እንዳላቸው ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። የአንድ ሜትሩ ሐዲድ ለሁለቱም አገር በአንድ ምክንያት ተመረጠ፦ በተራራ ላይ ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይችላል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

አንደርማት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ። እትዬ የተወለዱት ከዚህ መንደር እጥፍ ከፍታ ላይ ነው።

ከመንደሯ ጀርባ፣ ጌምስሽቶክ ወደሚባለው 2 ሺህ 961 ሜትር ከፍታ ወዳለው ተራራ በሚወጣው ተዳፋት ላይ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ትንሽ የጥድ ደን አለ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ደኑ ብቻ ቆሟል። በ1397 የመንደሩ ሰዎች ከዚህ ደን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው እንዲቀጣ ሕግ ጻፉ። የበረዶ ናዳ ወደ ቤቶቹ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነውና። ሕጉ ከተጻፈ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ደኑ ዛሬም ቆሟል። ይህን ስሰማ የታየኝ የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ሲራቆት ከቅጥሩ ውስጥ ያለው ጥድና ወይራ ቆሞ የሚቀረው፣ ሕዝቡ ራሱ ስለተገዘተለት ነው። አንደርማቶች በሕግ፣ እኛ በግዝት፤ ሁለቱም ዛፍን አድነዋል። እንዲያም ሆኖ በጥር 1951 ናዳ ወደ መንደሯ ገብቶ 13 ሰው ገድሏል።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ይህን በቁም ነገር መያዝ አለበት። ዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በክረምት በየቀኑ ማታ 11 ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያድሰዋል። አደጋው ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይነገራል። ሰው የሚመስለው 5 ሲሆን ብቻ የሚሞት ነው። ብዙው ሰው የሚሞተው ግን በ3 ነው፤ 4 እና 5 ሲሆን ሁሉም ይሰበሰባል፣ 3 ሲሆን ይደፍራል። ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ካልወጣ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቆፍሮ የሚያወጣህ ሄሊኮፕተር አይደለም፣ አብሮህ የነበረ ሰው ነው። ብቻህን ከሆንክ ያ ሰው የለም። ስለዚህ ለብቻዬ ስሆን ከተከለለው መንገድ አንድ እርምጃ አልወጣም። ንጹሕ፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ከገመዱ ወዲያ እየታየኝ አልሄድም። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ስልክ ቁጥር 1414 በኪሴ ነው። የት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ለአንድ ሰው ሳልናገር አልወጣም።

አንደርማት ላይ የነገርኩት ለእትዬ ነው። «10 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

አንደርማትን የመረጥኩት ባቡሩ እዚያ እንደ ሊፍት ስለሚያገለግል ነው። ከአንደርማት ተነስቶ በኦበርአልፕ መተላለፊያ በኩል ወደ ሴድሩንና ዲሰንቲስ የሚሄደው ባቡር የስኪ ተራሮቹን ያያይዛል፤ የተራራው ቲኬት ለባቡሩም ይሠራል። ተንሸራትተህ ወርደህ ጣቢያ ላይ ትቆማለህ፣ ባቡሩ ይመጣል፣ ሳንቃህን ደረጃው ላይ አራግፈህ ትገባለህ። መምህር ከነተማሪዎቹ፣ አያት ከነልጅ ልጆቹ፣ ከገበያ የተመለሰች ሴት ከነዘንቢሏ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ናቸው። መስታወቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል፣ ወለሉ በቀለጠ በረዶ ይርሳል። መኪና ሰውን ለየብቻ ወደ ተራራ ያወጣል። ባቡር መንደሩን በሙሉ ይዞ ይወጣል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ድንገት ወረደ። በበረዶ ላይ ጉም ሲወርድ የሚሆነውን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጨለማ አይደለም፣ ብርሃን ነው፤ ነገር ግን ሰማይና ምድር አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ። ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር አይታይም። ቆሜያለሁ ብዬ ሳስብ እየተንሸራተትኩ ነበር፤ የሳንቃው ጠርዝ ያዘኝና ወደፊት ወደቅኩ። በግራ እጄ ተደገፍኩ። ስኖውቦርድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፣ ምክንያቱም የሚወድቅ ሰው ሳያስብ እጁን ይዘረጋል። አልተሰበረም፤ ግን አበጠ። ተቀምጬ ቆየሁ። ድምፅ የለም። ማንም አልመጣም። ስም ጠርቶ የሚፈልገኝ ሰው እዚያ ተራራ ላይ እንደሌለ ያን ጊዜ በአጥንቴ ገባኝ። ከዚያ የመንገዱን ዳር የሚያሳየውን ዘንግ አየሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጠበቅኩ፣ ጉሙ ትንሽ ሲገልጥልኝ ወደ እሱ ሄድኩ። ከዘንግ ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ዘንግ። ሐዲዱን ሳይ እንባዬ መጣ።

ማረፊያ ቤቱ ስደርስ 11 ሰዓት አልፎ ነበር። እትዬ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ወደ ቤታቸው መሄድ የነበረባቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። «10 ሰዓት ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እጄን አይተው በመሐረባቸው አሰሩልኝ።

በማግስቱ የሆነውን ወደ መጨረሻ ላቆየው።

ከዲሰንቲስ የራይንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኩር፣ ከኩር በአልቡላ መስመር ወደ ሴንት ሞሪትስ የሚወስደው ባቡር ስለ ውበቱ ብዙ ተጽፎለታል፤ እኔ ብዙ አልጨምርም። የላንድቫሰር ድልድይ 65 ሜትር ከፍታ አለው፤ በቀስት እየታጠፈ ሄዶ በቀጥታ ገደሉ ውስጥ ወዳለ ዋሻ ይገባል። ተሠርቶ ያለቀው በ1902 ነው። መስመሩ ከበርኒና መስመር ጋር በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሴንት ሞሪትስ ሁለት ጊዜ፣ በ1928 እና በ1948፣ የክረምት ኦሊምፒክ አዘጋጅታለች። ሱቆቿን ከባቡር ጣቢያ አይቼ አለፍኩ።

የበርኒና መስመር ግን ልቤን ወሰደው። ባቡሩ ያለ ጥርስ ሐዲድ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር እየወጣ ኦስፒትሲዮ በርኒና ይደርሳል፦ 2 ሺህ 253 ሜትር። አልፕስን ከዳር እስከ ዳር ከሚያቋርጡ የባቡር መስመሮች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። ጋዜጣ አንባቢው አዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ የተቀመጠበት ወንበር ከዚያ ጣቢያ ከፍ ሳይል አይቀርም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እኔ በዚህ ጉዞ ከረገጥኩት ቦታ ሁሉ ይበልጣል። አንደርማት ላይ ብዙ እንግዶች ደረጃ ሲወጡ ሲያለከልኩ አይቻለሁ። እኛ ደገኞች ነን። ሳንባችን ለዚህ ነው የተሠራው።

በርኒና ዲያቮሌዛ የተባለው ጣቢያ ላይ ከባቡር ስትወርድ የገመድ ሊፍቱ በር ፊት ለፊትህ ነው። 2 ሺህ 978 ሜትር ላይ ያወጣሃል። ከላይ ሆነህ የበርኒናን ጫፎችና የበረዶ ግግሩን ታያለህ። ከዚያ በግግሩ ላይ እስከ ሞርተራች ጣቢያ የሚወርድ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። በግግር ላይ ስንጥቅ አለ፤ እጄም ገና አልዳነም፤ ብቻዬንም ነበርኩ። አልሄድኩበትም። በሊፍቱ ተመልሼ ወረድኩና ሞርተራች ላይ ከባቡር ወርጄ በእግሬ ወደ ግግሩ ሄድኩ። በመንገዱ ዳር ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል። ግግሩ በዚያ ዓመት እስከዚህ ድረስ ነበር ይላሉ። ባቡሩ በ1908 ሞርተራች ሲደርስ ግግሩ ጣቢያው አካባቢ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸሽቷል። ከምልክት ወደ ምልክት ስትሄድ የመቃብር ቦታ የምታቋርጥ ያህል ይከብድሃል። የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ከመጠናቸው 10 በመቶውን አጥተዋል። የመጨረሻው ምልክት ላይ ስቆም ግግሩ ገና ሩቅ ነበር።

በባቡር መሄዴ ለዚህም ነው። የስዊዘርላንድ ባቡር የሚሄደው በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። በረዶ የሚወድ ሰው በረዶውን በሚያቀልጥ ጭስ ታጅቦ ወደ በረዶ መሄዱ ልክ አይደለም፤ ባቡሩ እያለ ምክንያት የለውም።

ከኦስፒትሲዮ በርኒና ቲራኖ ድረስ ባቡሩ ከ1 ሺህ 800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት የወይን ማሳ። ቲራኖ ላይ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

በዚህ በረዶ ላይ አገራችን ስሟ የተጠራበት ጊዜ አለ። በ2006 ቱሪን ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። የኢትዮጵያ ቡድን ማለት እሱ ብቻ ነበር። ባንዲራውን የያዘውም እሱ፣ የሮጠውም እሱ። በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከሩጫ ጀግኖቻችን ጋር ስሙ ሲነሳ አልሰማም፤ መነሳት ግን ይገባዋል።

ገንዘቡን አልደብቅም። የአንድ ቀን የተራራ ቲኬት አንደርማት ላይ ስገዛ ከ60 ፍራንክ በላይ ነበር። ለሦስትና ለአራት ልጆች እናት ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ሳንቃዬን ያገለገለ ገዛሁ፣ ጫማውን ከሰው ተዋስኩ፣ የባቡር ግማሽ ዋጋ ካርድ አለኝ፤ ስኪና ስኖውቦርድ ባቡር ላይ ተጨማሪ አያስከፍልም። ደግሞም በረዶ ለመንካት ስኖውቦርድ ግድ አይደለም። በአልቡላ መስመር ላይ ፕሬዳ የምትባል መንደር አለች። በክረምት ወደ ቤርጉን የሚወርደው የመኪና መንገድ ይዘጋና 6 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ መንገድ ይሆናል። ልጆች በእንጨት ሸርተቴ ተቀምጠው ይወርዳሉ፣ ባቡሩ መልሶ ያወጣቸዋል። የሽሮ ሜዳ ጨዋታ ማለት ነው፤ ባቡር የተጨመረበት።

በዙሪክ፣ በጄኔቫ፣ በሙኒክ፣ በሚላኖ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ትምህርት ቤት ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ወደ በረዶ ሲወስድ «ልጄን ብርድ ይመታዋል፣ ይሰበርብኛል» ብላችሁ የምታስቀሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከፍቅር እንደሚመጣም አውቃለሁ። ግን ልጁ በዚያ ሳምንት የሚማረው መንሸራተት ብቻ አይደለም። ጓደኞቹ ሲመለሱ የሚያወሩትን ወሬ ዳር ቆሞ ሲሰማ፣ ይህ አገር የእኔ አይደለም የሚለውን ትምህርት ከእናንተ ቤት ይማራል። ላኩት። ወፍራም ካልሲ አድርጉለትና ላኩት። ከቻላችሁ ደግሞ እናንተም አንድ ቀን ውጡ።

ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ቀን ይህ ነው። እጄ አብጦ ስኖውቦርድ መንዳት በማልችልበት በሦስተኛው ጠዋት፣ ለእትዬ የእረፍት ቀናቸው ነበር። «እትዬ፣ እኔ ዛሬ ሳንቃ አልይዝም። በባቡር ብቻ ወደ ላይ ልወጣ ነው፤ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። «ልብሴ ለዚያ አይሆንም» አሉ። ካፖርታቸው ግን ከእኔ ጃኬት ይሻል ነበር። ነጠላቸውን ከካፖርቱ ሥር አድርገው መጡ።

ኦበርአልፕ ላይ ወረድን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እዚያ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ በረዶ መሃል፣ ቀይ የመርከብ መብራት ማማ ቆሟል። የራይን ወንዝ ምንጭ አካባቢ ስለሆነ ነው፤ ወንዙ ባሕር በሚገባበት በሆላንድ ዳርቻ የነበረውን ማማ የሚመስል ነው የተከሉት። ይህን ስነግራቸው «ግሼ ዓባይ ማለት ነዋ!» አሉ። ጓንታቸውን አውልቀው በረዶውን በእጃቸው ዘገኑት። ጨበጥ አድርገው አዩትና በቀስታ መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት። ስድስት ክረምት ከመስኮት ያዩትን ተራራ እየዞሩ ተመለከቱት። መንደሩን ከላይ ፈልገው አጡት፤ ከተራራው ጀርባ ተሸፍኗል።

«ከፍ ያለ አገር ነው» አሉ። «እንደ እኛ አገር።»

ጣቢያው ውስጥ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ልጃቸው ዙሪክ እንደምትማር ነገሩኝ። በሚመጣው የእረፍት ቀናቸው ይዘዋት ሊወጡ አስበው የባቡሩን ሰዓት ጠየቁኝ። ቦርዱ ላይ አብረን አየነው። ከአንደርማት ወደ ኦበርአልፕ ባቡሩ በየሰዓቱ ይነሳል።